እማማን የቀሰቀሰው የቡና ማሽን

ጥያቄ

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ነርስ ነኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ፈረቃ ስላለብኝ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ነው የምወጣው። አምና ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽን አመጣችልኝ። የምትሠራው የእኛን 220 ቮልት ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ቡናዋ አይታማም። ድምፅዋ ግን አሳቀቀኝ። ፓምፑ ሲነሳ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ላይዋ ላይ የደረደርኳቸው ስኒዎች ይንጫጫሉ። ከታች ያሉት እማማ ባለፈው ደረጃ ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ በሌሊት ምንድነው የምትበሺው?" አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞ ፓምፑ ሳይነሳም የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ወንድሜ "ከፍተን ውስጧን ስፖንጅ እንጠቅጥቅባት" ይላል። እኔ ደግሞ ሸጬ ድምፅ የሌላት ልግዛ ወይ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ባለፈረቃዋ፣ ከሰሚት

መልስ

እህቴ፣ ለመሸጥ አትቸኩይ። ወንድምሽም ስፖንጁን ለጊዜው ያቆየው፤ ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ውስጧ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ትናንሽ ማሽኖች አብዛኞቹ የሚሽከረከር ሞተር የላቸውም። ፓምፑ ማለት የተጠቀለለ ሽቦ፣ መሐሉ ላይ የሚመላለስ የብረት ፒስተን፣ እና አንድ ሞላ ነው። መብራት ሲያገኝ ሽቦው ማግኔት ይሆንና ፒስተኑን ይስበዋል። ሲለቀው ሞላው መልሶ ይወረውረዋል። ውሃው የሚገፋው በዚህ ምልልስ ነው። በእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ፒስተኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል። በደቂቃ 3,000 ምት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢሆን 60 ሄርዝ ስለሆነ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታ ነበር። በእጅ የሚጨበጥ፣ 50 ዋት ገደማ የሚበላ ትንሽ ዕቃ ነው። ግን እስከ 15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) መግፋት ይችላል። ቡናው የሚፈልገው 9 ባር አካባቢ ብቻ ነው። ከሁሉም የታወቀው የጣሊያኑ ኡልካ ነው፤ ስማቸው የተለያየ ብዙ ማሽኖች ሆዳቸው ሲከፈት የሚገኘው እሱ ነው።

ስለዚህ መንቀጥቀጥ የዚህ ፓምፕ ሥራው ነው። ጸጥ በል ብትዪው ሥራ አቁም ማለት ነው። ግን ፓምፑ ብቻውን ያን ያህል አይጮህም። ክራርን አስቢ። ጅማቱን ብቻውን ወጥረሽ ብትመቺው የሚሰማሽ ትንሽ ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ነው። አንቺ ቤት ገበቴው የኩሽናሽ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ደግሞ ከብሎኬቱ ግድግዳ ጋር ተያይዟል። ግድግዳው ከወለሉ ጋር፣ ወለሉ ከእማማ ጣራ ጋር። እሳቸው ጋ የሚደርሰው በአየር የሄደ ድምፅ ሳይሆን ኮንክሪቱን ይዞ የወረደ ንዝረት ነው። ለዚህ ነው "ምን እየበሳሽ ነው" ያሉሽ። በር ብትዘጊ፣ ማሽኗን በጨርቅ ብትሸፍኚ ለእሳቸው ምንም አይለወጥም።

በነገራችን ላይ፣ በየሕንፃው በማለዳ ሙቀጫ ሲወቀጥ ማንም ቅር አይለውም። ለምደነው ይመስለኛል። የፓምፕ ድምፅ ግን ለእማማ ባዕድ ነው። ምን እንደሆነ ሳያውቁት ሲቀሩ የበለጠ ይረብሻል። አንድ ቀን ጠርተሽ ከማሽኗ ቡና አጠጫቸው። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ኋላ ከታች ሆነው የሚያዳምጡልሽ እሳቸው ናቸው፤ ከሳቸው የተሻለ መለኪያ አታገኚም።

አሁን ወደ ምርመራው። ገንዘብ አያስወጣም።

ስኒዎቹን በሙሉ አውርጂ። የጠብታ መያዣውን ሳህን ከነወንፊቱ አውጥተሽ ከሥሩ ተራ ጎድጓዳ ሳህን አድርጊበት። ከዚያ ቡና ሳታደርጊ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሺና አዳምጪ። ድምፁ ግማሽ ያህል ቢቀንስ አትገረሚ። ከሚያሰቅቀው ጩኸት ብዙው ዕቃ ከዕቃ ሲጋጭ የሚወጣ ነው፤ የስኒዎቹ መንጫጫት፣ የወንፊቱ መንቀጥቀጥ፣ የውሃ መያዣው ክዳን። የወንፊቱ አራት ጠርዞች ሥር ቀጭን የሲሊኮን ቁራጭ መለጠፍ ይበቃዋል። የስኒዎቹም መፍትሔ ያው ነው፤ ከሥራቸው ቀጭን የጎማ ምንጣፍ፣ ወይም ደግሞ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ።

ቀጥሎ ጋቢ አምጪ። አራት እጥፍ አጥፈሽ ከማሽኗ ሥር አድርጊና እንደገና ለጥቂት ሰከንድ አስነሺያት። ለሙከራ ብቻ ነው፤ ጋቢው ላይ ትተሻት እንዳትሄጂ፣ ከሥር ያለውን የአየር ቀዳዳ ይደፍንባታል። ስልክሽ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ካለ በጋቢና ያለ ጋቢ ለኪው፤ ስልኩን ግን ሁለቴም አንድ ቦታ አስቀምጪው። 10 ዴሲቤል ቢቀንስ ለጆሮ ግማሽ ያህል የወረደ ይመስላል። በጋቢው ድምፁ ጉልህ ከወረደ ጥፋተኛው መደርደሪያው ነው፤ መፍትሔውም ከሥር ነው። ካልወረደ ችግሩ ሆዷ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ያ ያለ ፓምፑ የሚያጉረመርመው ድምፅ። እሱ ትራንስፎርመሩ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ ማሽኗን ንቀዪና ትራንስፎርመሩን ብቻ ሶኬቱ ላይ ተዪው። ማጉረምረሙ ከቀጠለ አገኘሽው። የትራንስፎርመር ብረት በ50 ሄርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ከሆነ እዚህ ሲሠራ የበለጠ ይጮሃል፣ የበለጠም ይሞቃል። ሌሊት ደግሞ ተጠቃሚ ስለሚቀንስ ቮልቴጁ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያኔ ትራንስፎርመሩም ፓምፑም ድምፃቸው ይጎላል። በቀን የማትሰሚው ንጋት ላይ የሚጎላብሽ አንድም በጸጥታው፣ አንድም በዚህ ሊሆን ይችላል።

ትራንስፎርመሩን ከመደርደሪያው አውርጂው። ወለል ላይ፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ጎማ አድርገሽ፣ ግድግዳም ቁም ሳጥንም ሳይነካ፣ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ስትወጪ ከሶኬቱ ንቀዪው። ማሽኗ ብትጠፋም እሱ ማጉረምረሙን አይተውም፤ መብራትም ይበላል። ኃይሉንም እዪ። ማሽኗ ጀርባ ላይ 1,200 ወይም 1,400 ዋት የሚል ጽሑፍ ካለ ትራንስፎርመሩ 2,000 ዋት ይሁን። ሌላም ልጨምር፣ ከድምፁ ጋር ባይገናኝም፤ የአሜሪካ ሶኬት ሦስተኛው ክብ ጥርስ የመሬት መስመር ነው። እሱን ሰብረው ወይም ባለ ሁለት ጥርስ ማገናኛ ሰክተው የሚጠቀሙ ሰዎች አውቃለሁ። ውሃና ብረት ባለበት ማሽን ይህ አይደረግም። መስመሩ በትራንስፎርመሩ በኩል እስከ ግድግዳው ሶኬት መድረሱን ኤሌክትሪሺያን ይይልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ከማሽኗ ሥር ወደሚደረገው።

ብዙ ሰው ቀጭን ምንጣፍ ያነጥፍና "ምንም አልለወጠም" ይላል። እውነቱን ነው። ንዝረትን የሚቆርጠው ምንጣፉ መኖሩ ሳይሆን በማሽኗ ክብደት መርገጡ፣ ማለትም ተጭኖ ዝቅ ማለቱ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ማንኛውም ዕቃ በለስላሳ ነገር ላይ ሲቀመጥ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት ይኖረዋል። ያ ፍጥነት ከፓምፑ ምት በጣም ካነሰ ንዝረቱ ወደ ታች አያልፍም። ከቀረበው ግን ጭራሽ ያባብሰዋል። ጎማው በክብደቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ከረገጠ ይህ ፍጥነት በሰከንድ 16 አካባቢ ይሆናል። ጎማ ከሞላ ይልቅ ገታራ ስለሆነ በተግባር ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከ50 በደንብ ያንሳል። ጎማው ጠንክሮ ምንም ካልረገጠ ግን ባይኖርም ያው ነበር። በጣም ለስልሶ እስከ መጨረሻው ከተጨፈለቀም ያው ነው፤ የተጨፈለቀ ስፖንጅ እንደ ጠንካራ ነገር ነው የሚያሳልፈው።

ትንሿ ማሽንሽ ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ብትሆን ነው። ይህ ክብደት በሰፊ የጎማ ምንጣፍ ላይ ሲዘረጋ ምንጣፉን ፈጽሞ አይረግጠውም። ስለዚህ ሙሉ ምንጣፍ አትግዢ። በአራቱ እግሮች ሥር ብቻ ትናንሽ ቁራጮች አድርጊ። ክብደቱ ትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ ጎማው ይረግጣል። ከስፖርት ምንጣፍ የተቆረጠ፣ ሁለት ሦስት ድርብ የሆነ ቁራጭ ጥሩ መነሻ ነው። ለማሽን እግር ተብሎ የሚሸጥ ለስላሳ ጎማም ካገኘሽ ጥሩ፤ ስትገዢ ግን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። እንደ ጫማ ሶል ከደረቀ አያስፈልግሽም። ቁራጮቹን ካስቀመጥሽ በኋላ ጎንበስ ብለሽ ከጎን ተመልከቻቸው። በትንሹ ወፈር ብለው ተጭነው መታየት አለባቸው።

ግን አንድ ጣጣ አለ። የቡናው ማጣሪያ ያለበትን እጀታ አጥብቀሽ ስትጠመዝዢ ማሽኗ አብራ ትዞራለች። ለስላሳ እግር ላይ የቆመች ቀላል ማሽን በዚህ ጊዜ ታስቸግራለች። እኔ የምወደው መላ የድንጋይ ንጣፍ ነው። እምነበረድና ግራናይት ቆራጮች ጋ ሂጂና ከማሽኗ ትንሽ ሰፋ ያለ ቁራጭ ጠይቂ፤ ከወጥ ቤት ሥራ የተረፈ ስብርባሪ ሁልጊዜ አላቸው። ጠርዙን አስለስሺው። ማሽኗን ድንጋዩ ላይ፣ ድንጋዩን ደግሞ በአራት የጎማ ቁራጮች ላይ። አሁን ጎማው የሚሸከመው የሁለቱን ክብደት ነው፤ በደንብ ይረግጣል። ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ፓምፑ እንደ ልቡ አያወዛውዘውም። እጀታውን ስትጠመዝዢም አይንሸራተትም። ማሽኗም፣ ድንጋዩም ግድግዳውን እንዳይነኩ ሁለት ጣት ያህል አርቂያቸው። ይህን ካላደረግሽ የታችኛውን መንገድ ዘግተሽ የጎኑን ከፈትሽለት ማለት ነው። የመብራት ገመዱም ተወጥሮ ግድግዳው ላይ አይደገፍ።

ማሽኗ የምትቆምበትም ቦታ ልዩነት አለው። መሐሉ ላይ ምንም ድጋፍ የሌለው ቀጭን የቺፑድ ጠረጴዛ ከሁሉ የከፋ ነው። እግር ያለበት ጥግ ከመሐሉ ይሻላል። ዕቃ ማድረቂያው አጠገብ ከሆነች ማንኪያና ሹካው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል።

ሆዷን የምትከፍቱት ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካላረካሽ ብቻ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ትነቀል፣ ሙሉ በሙሉ ትቀዝቅዝ፣ በእንፋሎት መውጫው በኩል የተጠራቀመው ግፊት ይውጣ። ካቻቪቴ ይበቃል። ውስጥ ስትገቡ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፓምፑ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጎማዎች ተንጠልጥሎ ነው የተያዘው። ጎማዎቹ በሙቀት ደርቀው ወይም ተሰንጥቀው ከሆነ ፓምፑ በቀጥታ ብረቱን ይመታል። እነሱን ብቻ መቀየር ማሽኗን አዲስ ያስመስላታል። ሁለተኛ፣ ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ የማሽኗን ግድግዳ ይነካ እንደሆነ እዩ። ከነካ ፈቀቅ አድርጉት፤ ፈቀቅ የማይል ከሆነ ከሲሊኮን ቱቦ ቁራጭ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አልብሱት። ሦስተኛ፣ የላሉ ብሎኖች። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመታ ነገር ብሎን ማላላቱ አይቀርም። ስታጠብቁ ግን በልክ፤ በተለይ የፓምፑ መውጫ ፕላስቲክ ከሆነ ኪያቬ ሲበዛበት ይሰነጠቃል።

ስፖንጁን ለምን እንደከለከልኩ አሁን ይገባሻል። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ ማሞቂያው፣ ለቡና ከ90 ዲግሪ በላይ፣ ለእንፋሎት ደግሞ ከ120 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስፖንጅ እዚያ ውስጥ ሊቀልጥ፣ ሊሸት፣ ሊቃጠልም ይችላል። ፓምፑም ራሱ ይሞቃል። የኡልካ ፓምፖች ላይ ሁለት ደቂቃ ይሥራ፣ አንድ ደቂቃ ይረፍ የሚል ልክ የተጻፈው ለዚህ ነው። ያንቺዋ ለ60 ሄርዝ የተሠራች ሆና በ50 ስለምትሠራ ሽቦዋ ትንሽ ተጨማሪ ይሞቃል፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርም። ለአንድ ስኒ ቡና ግማሽ ደቂቃ መሥራት አይጎዳትም። አየሩን ዘግተሽ በስፖንጅ ብትጠቀልያት ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ሲበዛም እያሳረፍሽ ሥሪባት።

የድምፁ ዓይነትም ይናገራል። ፓምፑ ድንገት ሸካራና ባዶ የሆነ ድምፅ ካወጣ አየር እየሳበ ነው። ውሃው አልቋል፣ ወይም የመሳቢያው ቱቦ ታጥፏል፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ ወንፊት ተደፍኗል። ቱቦውን አስተካክለሽ፣ ቡና ሳታስገቢ ትንሽ ውሃ አስወጥተሽ አየሩን አባሪው። ሰፈርሽ የጉድጓድ ውሃ የሚመጣ ከሆነ ውሃው የሚተወው ነጭ ዝቃጭ ቶሎ ስለሚይዛት የማሽኗ መመሪያ በሚያዘው መሠረት አጽጂያት።

የጩኸቱንም ርዝመት ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? አንድ ኤስፕሬሶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ቡናው በጣም ደቆ ከተፈጨ፣ ወይም አብዝተሽ ከጠቀጠቅሽው፣ ፓምፑ አንድ ደቂቃ ሙሉ እየታገለ ጠብታ ነው የሚሰጥሽ። ትንሽ አሻክረሽ ፍጪው። እማማ የሚሰሙት በግማሽ ቀነሰ፣ ቡናውም መረር ማለቱን ይተዋል።

የጻፍሽልኝ ስለ ፓምፑ ብቻ ነው። ቡናውን ንጋት 11 ሰዓት ላይ በኤሌክትሪክ የምትፈጪ ከሆነ ግን ምናልባት የመብሻው ድምፅ ያ ነው። ከፓምፑ በላይ የሚጮህ መፍጫ ብዙ ነው። ማታ ፈጭተሽ አፉ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጪው። ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል፤ ከጎረቤት ጋር ከመቀያየም ይሻላል። የእጅ መፍጫ ብታገኚ ደግሞ ሁለቱንም ታተርፊያለሽ።

ስለ መሸጡ። ካፌ ያሉት ትልልቅ ማሽኖች እንዲህ የማይንጫጩት ሌላ ዓይነት ፓምፕ ስላላቸው ነው፤ በሞተር የሚሽከረከር። ፋኤማ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኢ61 ማሽኑ ያስለመደው ነው። ለቤት የተሠሩ እንዲህ ያሉ ማሽኖች አሉ፤ ግን ግዙፍ ናቸው፣ ዋጋቸውም ካንቺዋ ጋር አይወዳደርም። ፈጽሞ ድምፅ የሌለው ደግሞ በእጅ የሚጫኑት ባለ ማንሻው ማሽን ነው። ፓምፕ የለውም፤ ግፊቱ የሚመጣው ከክንድሽ ነው። ቆንጆ ቡና ያወጣል፣ ግን ትዕግሥትና ልምድ ይጠይቃል። ለፈረቃ የምትሮጥ ሰው ንጋት ላይ ከሱ ጋር ስትታገል አይታየኝም። ስለዚህ ድንጋዩንና ጎማውን ሞክሪ፤ ወጪው ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እማማ አሁንም እሰማለሁ ካሉ፣ ወንድምሽ ማሽኗን ሲከፍት የፓምፑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ላኪልኝ። ቮልቱ፣ ሄርዙና ዋቱ እዚያ ላይ አለ። ምትክ ፓምፕ መግዛት ያስፈልግሽ እንደሆነ፣ ካስፈለገሽም የትኛውን እንደሆነ የምነግርሽ እሱን አይቼ ነው። ገበያ ላይ የምታገኚው አብዛኛው ለ220 ቮልት የተሠራ ነው። አንቺ ማሽን ላይ በ110 ሲገጠም አቅም ያጣል። "ተመሳሳይ ነው" ቢሉሽም ጽሑፉን ሳታሳዪኝ አትግዢ።